ስለ ወንዞች ጤንነትና ደረጃ

ልጆች ሆይ፤ «ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» የሚለውን ምሳሌ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። ነገሩን ከሥሩ ያልመረመረ ዳኛ ፍርዱ እንደሚጣመም፥ ውሃውን ከመነሻው ያልመረመረ ሰውም ጤንነቱ ይጎዳል። ማለዳ እንስራ ወይም ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዝ የወረደ ሰው ውሃውን ተመልክቶ «ጠርቷልና መልካም ነው» ሲል፥ ደፍርሶ ቢያገኘውም «ዛሬስ ከፍቷል» ሲል ትሰማላችሁ። ነገር ግን ዓይን ብቻውን የውሃ ዳኛ ሊሆን አይችልም። የጠራ ውሃ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ የደፈረሰውም ሁሉ በአንድ ምክንያት የደፈረሰ አይደለም። ስለዚህ ወንዝን በምስክርና በቁጥር መርምሮ በየደረጃው መክፈል ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው።

፩. ስለ አገራችን ወንዞች አካሄድ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ የተቀመጠችውም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዓባይም ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ነው። በስተ ሰሜን በሽሎ፥ በስተ ደቡብ ወለቃ ከወሎ ደጋ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይገባሉ። ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ተብሎ የታወቀው፥ ዛሬም ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የቦረና ሳይንት ጫካ ለብዙ ምንጮች ጥላና ጠባቂ ነው። በላዩ አስታ፥ ጅብራና ጓሳ ይበቅሉበታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

በዚሁ በደቡብ ወሎ ውስጥ ግን ሁሉም ወንዝ ወደ ዓባይ የሚሄድ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። እንግዲህ በአንድ ዞን የወረደ ዝናብ ከፊሉ ወደ ምዕራብ፥ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል ማለት ነው። ወንዝን ለመመርመር የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ «ይህ ውሃ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቅ።

ከዚህ በኋላ ወንዙን በዕድሜው እንከፍለዋለን። ከምንጩ አጠገብ ያለው ጅረት እንደ ሕፃን ነው፤ ጠባብና ቀዝቃዛ ሆኖ በዛፍ ጥላ ሥር ይሄዳል፤ በውስጡ የሚኖሩትም ጥቃቅን ፍጥረታት አብዛኛውን ጊዜ የሚመገቡት ከዛፍ የረገፈውን ቅጠል ነው። መካከለኛው ወንዝ እንደ ጎልማሳ ነው፤ ሰፋ ብሎ ፀሐይ ስለሚያገኘው በድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ልባስ ይበቅላል፤ ነዋሪዎቹም ይህን እየፋቁ ይበላሉ። በቆላ ያለው ትልቁ ወንዝ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሙቀት አለው፥ ከላይ የመጣለትንም ደለልና ብስባሽ ተሸክሞ ይሄዳል። ሮቢን ቫኖትና ባልደረቦቹ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ይህን ሥርዓት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በጽሑፍ አስረድተዋል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለፍርድ ነው። የደጋውን ጅረት ከቆላው ወንዝ ጋር አስተያይቶ «ይህ ይበልጣል፥ ያ ያንሳል» ማለት ሕፃንን ከሽማግሌ ጋር እንደ ማታገል ነው። ደጋው ከደጋ፥ ቆላው ከቆላ ጋር ይመዘን። እንደዚሁም የነሐሴ ውሃ ከነሐሴ፥ የሚያዝያውም ከሚያዝያ ጋር ይተያይ።

፪. ውሃ በምን ይታመማል?

ዓሣና ሌሎች የውሃ ፍጥረታት እንደ እኛ ይተነፍሳሉ። የሚተነፍሱትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን የተባለውን የአየር ክፍል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ ይልቅ ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ከፍ ባለ አገር ግን አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ግን 7 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ሚሊ ግራም የግራም አንድ ሺኛ ነው። እንግዲህ የደጋ ወንዝ ከጅምሩ ትርፍ የሌለው ስለ ሆነ፥ ጥቂት ቢጎድልበት ቶሎ ይጨነቃል።

ኦክሲጅንን የሚያጎድለው ምንድን ነው? የሚበሰብስ ነገር ነው። እበት፥ የቄራ ደምና ፈርስ፥ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፥ የጠላና የአረቄ አተላ ወደ ወንዝ ሲገቡ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቅ ተሐዋስያን ይመገቧቸዋል፤ ሲመገቡም ኦክሲጅኑን ይተነፍሱታል። ምግቡ በበዛ ቁጥር እነርሱም ይበዛሉ፤ ለዓሣውና ለቀሩት ነዋሪዎች የሚተርፈውም ያንሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው ለዓይን የጠራ ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛው በሽታ ደለል ነው። ከታረሰ ገደላማ ማሳ ላይ የታጠበ አፈር በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ በዚያ ተጠልለው የሚኖሩት ፍጥረታትም ቤት ያጣሉ። በክረምት ዓባይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ይህን አፈር ስለ ተሸከመ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ከደጋችን ታጥቦ ከሚወርደው አፈር ከፊሉን ይቀበላል፤ በመካነ ሰላም ገደል ላይ የተሠራ እርከን በጉባ ላለው ግድብ ይጠቅማል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው መርዝ ነው። ብርብራ ተወቅጦ በወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው እንደሚሰክርና እንደሚሞት ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የተረጨበት ዕቃ በወንዝ ሲታጠብም እንደዚሁ ጉዳት ያደርሳል። በትልልቅ ከተሞች ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመራል፤ በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዞች፥ በወሎም ቦርከና በዚህ ምክንያት የተጎዱ ናቸው።

፫. የማይዋሹ ምስክሮች

በጠርሙስ የቀዳነው ውሃ የሚነግረን የቀዳንበትን ሰዓት ብቻ ነው። ትናንት ሌሊት ቆሻሻ ተለቅቆ ከሆነ ዛሬ ማለዳ ወንዙ አልፎታል፤ ጠርሙሱም ምንም አይናገርም። በድንጋይ ሥር ብዙ ወራት የኖረ ነፍሳት ግን በየቀኑና በየሌሊቱ ያለፈውን ሁሉ ቀምሷል። ቆሻሻው ከቻለው በላይ ከሆነበት ይሞታል ወይም ይሰደዳል። ስለዚህ በድንጋዩ ሥር የተገኘውም ያልተገኘውም ምስክር ነው።

ይህን በሥርዓት ያስተማሩት ሪቻርድ ኮልክቪትስና ማክሲሚልያን ማርሶን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ናቸው። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ስለ ዕፀዋት፥ በ1909 ስለ እንስሳት ጽፈው፥ የትኛው ፍጥረት በምን ያህል የቆሸሸ ውሃ ውስጥ እንደሚኖር አሳዩ። በአገራችንም አስቻለው ላቀው ከኦቶ ሞግ ጋር ሆነው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የሚስማማ፥ ኢትባዮስ የተባለ መለኪያ አውጥተዋል። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ የነፍሳት ወገን ቆሻሻን ለመቻል እንዳለው ኃይል ቁጥር ይሰጠዋል። የኤውሮፓ ኅብረትም በ2000 ባወጣው ሕግ ወንዞች በአምስት ደረጃ እንዲከፈሉ አዝዟል፤ እነዚህም እጅግ መልካም፥ መልካም፥ መካከለኛ፥ ደካማና መጥፎ ናቸው።

ከላይና ከታች አስተያይቶ የመመርመር ጥበብ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ያሳያል። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነው። ከማጠቢያው በላይና በታች ያለውን በማስተያየታቸው፥ እናቶቻችን ለልብስ ሲጠቀሙበት የኖሩት እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ልብ በሉ፤ ያ ውሃ በየቀኑ ብዙ ሰው ያየው ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ ግን የላዩን ከታቹ ጋር አስተያይተው ጠየቁ።

፬. የመስክ ሥራ፤ ለወንዛችሁ ደረጃ ማውጣት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወንፊት፥ ነጭ ሳህን፥ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። ከመምህራችሁ ጋር በበጋ፥ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ላይ ሥሩ። በክረምት ከቶ አትግቡ፤ ደራሽ ጎርፍ ሳይታሰብ ይመጣልና። ወደ ዓባይ ሸለቆም አትውረዱ፤ አዞ አለበትና። ውሃው ሞቃትና የተኛ በሆነበት ቆላ እግራችሁን አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ የሚይዘው በዚያ ነውና። ከሥራው በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለት ሥፍራ ምረጡ፤ አንዱ ከመንደሩ በላይ፥ ሁለተኛው ከመንደሩ በታች። የውሃው ፍጥነትና የድንጋዩ ዓይነት በሁለቱም ተመሳሳይ ይሁን። አንድ ተማሪ ወንፊቱን ከድንጋዩ በታች ይያዝ፤ ሌላው ድንጋዩን አንሥቶ በእጁ ይሽው። የወረደውን ሁሉ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ገልብጡት። በየሥፍራው ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ አድርጉ። ያገኛችሁትን በሦስት ወገን ክፈሉት።

አንደኛው ወገን ልል ነፍሳት ናቸው፤ ቆሻሻን አይችሉም። ከእነዚህ ዋናው ስድስት እግርና ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያለው፥ በሆዱ ግራና ቀኝ የሚርገበገቡ መተንፈሻዎች ያሉት ነው፤ «ባለ ሦስት ጭራ» ብለን እንጥራው። ሁለተኛው አሸዋ ወይም የቅጠል ስባሪ አጣብቆ ቤት ሠርቶ የሚሸከም ትል ነው፤ «ቤት ተሸካሚ» እንበለው። ለእነዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት 3 ነጥብ ስጡ።

ሁለተኛው ወገን መካከለኞች ናቸው፤ እነርሱም ሸርጣን፥ የውሃ ጥንዚዛ፥ እንዲሁም ሲያድግ አራት ክንፍና ረጅም ወገብ ኖሮት በወንዝ ዳር የሚበረው የትልቁ በራሪ ልጅ ናቸው። ለእያንዳንዱ ዓይነት 2 ነጥብ ስጡ።

ሦስተኛው ወገን ጽኑዓን ናቸው፤ በጭቃና በቆሻሻ ውስጥ ይኖራሉ። እነርሱም ደም የመሰለ ቀይ ትል፥ እንደ ክር የቀጠነ የጭቃ ትል፥ አልቅት፥ በረጅም ጭራውም ከውሃው በላይ አየር የሚስብ ትል ናቸው። ለእያንዳንዱ ዓይነት 1 ነጥብ ስጡ።

ከዚህ በኋላ ነጥቡን ደምራችሁ ለዓይነቶቹ ብዛት አካፍሉት። ለምሳሌ ከመንደሩ በላይ ሁለት ዓይነት ባለ ሦስት ጭራ፥ አንድ ቤት ተሸካሚ፥ ሸርጣን፥ ጥንዚዛና ቀይ ትል ቢገኙ፥ 3 ሲደመር 3 ሲደመር 3 ሲደመር 2 ሲደመር 2 ሲደመር 1 ድምሩ 14 ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 2.3 ያህል ነው። ከመንደሩ በታች ጥንዚዛ፥ ቀይ ትል፥ የጭቃ ትልና አልቅት ብቻ ቢገኙ፥ ድምሩ 5 ሆኖ ለ4 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ለመማሪያ ያህል ከ2.2 ጀምሮ ያለውን ጤነኛ፥ ከ1.6 እስከ 2.2 ያለውን የደከመ፥ ከ1.6 በታች ያለውን የታመመ በሉት። ይህ የሊቃውንቱ መለኪያ አይደለም፤ ወደ እርሱ የሚያደርስ መሰላል ነው። አልቅት አንድ ስለ ተገኘ ብቻ ወንዙ ታሟል አይባልም፤ ፍርዱ የሚሰጠው በአንድ ምስክር ሳይሆን በሁሉም ነው።

፭. ወንዝን በቁጥር ስለ መመሰል

ምስክሮቹ የሆነውን ይነግሩናል። ገና የሚሆነውን ለማወቅ ግን ወንዙን በቁጥር እንመስለዋለን፤ ሊቃውንት ይህን ሞዴል ይሉታል። በመጀመሪያ የውሃውን መጠን እንለካ። የወንዙ ስፋት 1.5 ሜትር፥ ጥልቀቱ በአማካይ 0.15 ሜትር ይሁን። አንድ ቀላል እንጨት ጥላችሁ 10 ሜትር በ20 ሰከንድ ቢሄድ፥ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ሦስቱን አባዙ፤ ከታች ያለው ውሃ ከላይኛው ስለሚዘገይም በ0.8 አባዙት። የሚገኘው 0.09 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም በሰከንድ 90 ሊትር ማለት ነው።

አሁን በዚህ ወንዝ ውስጥ ኦክሲጅን የሌለበት ፍሳሽ በሰከንድ 10 ሊትር ገባ እንበል። የወንዙ ኦክሲጅን በሊትር 7 ሚሊ ግራም ከነበረ፥ 90 በ7 ተባዝቶ 630 ይሆናል፤ ለ100 ሊትር ሲካፈል 6.3 ነው። ጉዳቱ ቀላል ይመስላል። በበጋ መጨረሻ ግን ያው ወንዝ በሰከንድ 10 ሊትር ብቻ ቢቀረው፥ 10 በ7 ተባዝቶ 70 ይሆናል፤ ለ20 ሲካፈል 3.5 ነው። ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ከ5 ሲወርድ ይቸገራሉ። ፍሳሹ አልጨመረም፤ ወንዙ አነሰ እንጂ። ስለዚህ «ወንዙ ይወስደዋል» የሚለው ቃል በነሐሴ በከፊል እውነት ቢመስል፥ በሚያዝያ ሐሰት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን እየተከተሉ ሲመገቡት ይጓዛሉና፥ ኦክሲጅኑ እየቀነሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል ውሃው በድንጋይ ላይ ሲላተምና በፏፏቴ ሲወርድ ከአየር አዲስ ኦክሲጅን ይቀበላል። ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ አሜሪካውያን በኦሃዮ ወንዝ ላይ ያጠኑትን ይህን ፍጭት በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 በሒሳብ ገለጹት። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሲሣል የአገራችንን ሸለቆ ይመስላል፤ መጀመሪያ ቁልቁለት፥ ቀጥሎ ታች፥ ኋላም ዐቀበት። ከሁሉ ዝቅ ያለው ሥፍራ የሚገኘው ቆሻሻው በገባበት ሳይሆን ከዚያ ወደ ታች ርቆ ነው። እንግዲህ አተላውን የደፋው ሰው ጉዳቱን በደጁ አያየውም፤ የሚያየው የማያውቀው የታችኛው መንደር ሰው ነው። ሕግና መመካከር ለወንዝ ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

፮. ምን እናድርግ?

አስቀድሞ አንድ ነገር እወቁ። ነፍሳቱ ስለ ተቅማጥና ስለ ታይፎይድ ጀርም አይመሰክሩም። ባለ ሦስት ጭራ የሞላበት፥ የጠራና ቀዝቃዛ ጅረት እንኳ በላዩ አንድ ሰው ተጸዳድቶበት እንደ ሆነ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ የተባለውም ወንዝ ውሃ ሳይፈላ ወይም በታዘዘው ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣ።

ከዚህ ቀጥሎ በየመንደሩ የሚቻለው ይህ ነው። የመጠጥ ውሃ መቅጃው ከላይ፥ የከብት ማጠጫው ከእርሱ በታች፥ የልብስ ማጠቢያው ከሁሉ በታች ይሁን፤ ከታች የሚኖሩ ጎረቤቶች ካሉም አጠባው ከወንዙ ራቅ ብሎ ይደረግ። መጸዳጃ ቤት ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይቆፈር። ቄራና አተላ በጉድጓድ ይቀበሩ። በወንዝ ዳር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ ይተው፤ ቄጠማው፥ ሣሩና ዛፉ ደለሉን ያጣሩታልና። እናንተም በየዓመቱ ኅዳርና ሚያዝያ ደረጃውን አውጥታችሁ በአንድ ደብተር ጻፉ። ደብተሩ ለተተኪ ተማሪዎች ይተላለፍ። አሥር ዓመት የተጻፈ ደብተር በሸንጎ ቢቀርብ፥ ከብዙ ጩኸት ይልቅ ይሰማል።

ልጆች ሆይ፤ ወንዝ ከላይ ያለው ሰው ለታችኛው የሚልከው መልእክት ነው። የመካነ ሰላም ውሃ ዓባይ ደርሶ ከሱዳንና ከግብፅ ሰዎች ዘንድ ይዘልቃል፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን ከቁልቁለቱ በታች ያለችው ጎረቤታችሁ በእንስራዋ ትቀዳዋለች።

ጥያቄዎች

1. የጠራ ውሃ ሁሉ ጤነኛ ያልሆነው ስለ ምንድን ነው?
2. በጠርሙስ ከተቀዳ ውሃ ይልቅ በድንጋይ ሥር ያለ ነፍሳት የበለጠ የሚመሰክረው ለምንድን ነው?
3. ወንዙ በሰከንድ 40 ሊትር፥ ኦክሲጅኑ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ቢሆን፥ ኦክሲጅን የሌለበት 10 ሊትር ፍሳሽ በሰከንድ ሲገባበት ኦክሲጅኑ ስንት ይሆናል?
4. በመንደራችሁ ወንዝ ላይ መቅጃው፥ ማጠጫውና ማጠቢያው በምን ተራ እንዳሉ ሥዕል ሥላችሁ አሳዩ። የሚስተካከል ነገር ቢኖር ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካከሩበት።